የቀለጠ ጡንቻ፣ የጠቆረ ሽንት፤ የሐሩር፣ የድካምና የአንድ መድኃኒት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምት ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ ግንጪን ያገኛል። ከግንጪ በስተ ሰሜን ያለው ከፍታ የጭልሞ ደን ነው፤ ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው ዛሬም ያልጠፋበት፣ የአዋሽ ወንዝ ከሚነሣባቸው ሥፍራዎች አንዱ። ከዚያ ወደ ጀልዱና ወደ ግንደበረት የቀጠለ መንገደኛ ደግሞ ብርድ ከሚያንቀጠቅጠው ደጋ ወጥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ቁልቁለት ይጀምራል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ጋቢ ከሚያስደርበው አየር ወደሚያቃጥለው ቆላ ይወረዳል፤ በነጋታው ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። የምዕራብ ሸዋ ገበሬ፣ ነጋዴና ተሳላሚ ይህን መንገድ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሲመላለስበት ኖሯል። እግሩ ቢዝል፣ ባቱ ቢጠዘጥዘው፣ ያርፋል፤ ይታሻል፤ ይድናል።

በዚህ መንገድ ላይ በቅርብ ዘመን አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል። በግፊት፣ በስኳር ወይም በልብ በሽታ ምክንያት የኮሌስትሮል መቀነሻ ኪኒን በኪሱ ይዞ የሚወርድ ሽማግሌ መጥቷል። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔታችን የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ሐሩርና ድካም እንዲሁም ስታቲን የሚባለው የመድኃኒት ዘር በአንድ የሰው ጡንቻ ላይ እንዴት እንደተገናኙ የሚያስረዳውን ታሪክ መረጥሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ነገሩን የምናውቀው በረጅም የባዕድ ስሙ ነው፤ ራብዶማዮላይሲስ። በአማርኛ ብንናገረው የጡንቻ መፍረስ ወይም መቅለጥ ማለት ይሆናል። የጡንቻ ሕዋስ ግድግዳው ሲቀደድ በውስጡ የያዘውን ሁሉ ወደ ደም ያፈስሳል። ከሚፈስሱት መካከል ሦስቱ ለሙያችን የታወቁ ናቸው። ክሬያቲን ካይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ራሱ ጉዳት ባያደርስም የጉዳቱን መጠን ይነግረናል። ፖታስየም ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ማዮግሎቢን፣ ማለት ጡንቻን ቀይ የሚያደርገው ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን፣ በኩላሊት በኩል ሲወጣ ሽንትን እንደ ጥቁር ሻይ ያጠቁራል፤ ሲበዛም የኩላሊትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይዘጋል፣ ይመርዛል። በሽተኛው የሚሞተው ጡንቻው ስለፈረሰ አይደለም፤ ፍርስራሹን ኩላሊቱና ልቡ መሸከም ስላቃታቸው ነው።

ጥንታዊነቱን የሚያጠኑ ሊቃውንት ወደ ኦሪት ዘኁልቍ ይወስዱናል። በምዕራፍ 11 እንደተጻፈው እስራኤል በምድረ በዳ ሥጋ ተመኝተው ነፋስ ያመጣላቸውን ድርጭት ከበሉ በኋላ መቅሠፍት ወረደባቸው፤ ሥፍራውም የምኞት መቃብር ተባለ። በሜዲትራኒያን አካባቢ በተወሰኑ ወራት የሚታደን ድርጭት የበሉ ሰዎች ጡንቻቸው እየፈረሰ መታመማቸው በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧልና፣ አንዳንዶች የኦሪቱን ታሪክ የዚሁ በሽታ የመጀመሪያ ምስክር ያደርጉታል። በበኩሌ ይህን ትርጓሜ እንደ ብልኅ ግምት እንጂ እንደ ተረጋገጠ ነገር አልወስደውም። ደብተራው በአንድምታው፣ ሐኪሙም በላቦራቶሪው ቢጸና የሚሻል ይመስለኛል።

ጽኑ መሠረት ያለው ታሪክ የሚጀምረው ከወታደር ነው። በ1881 ፍላይሸር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ረጅም ጉዞ በእግሩ ከተጓዘ በኋላ ሽንቱ ስለቀላ ወታደር ጻፈ። በ1910 ደግሞ የአገሩ ልጅ ማየር-ቤትስ የጡንቻ ሕመም፣ የጡንቻ መድከምና የጠቆረ ሽንት የተባሉትን ሦስት ምልክቶች በአንድነት አስተባብሮ ገለጸ፤ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቻችን የምናስተምረው ይህንኑ ነው። በዚሁ ዘመን የጣልያን ከተማ መሲና በ1908 ዓመት በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት የወጡ ሰዎች ከቀናት በኋላ ሽንታቸው እየተቋረጠ ሲሞቱ ታዩ። በ1923 ሚናሚ የሚባል በበርሊን ይሠራ የነበረ ጃፓናዊ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በናዳ ሥር ተቀብረው የወጡ ወታደሮችን ኩላሊት መርምሮ ጥፋቱ ከተጨፈለቀው ጡንቻ የመነጨ ነው አለ። ጽሑፉ በጀርመንኛ ነበረና ብዙ ሰው ሳያስተውለው ቀረ።

በ1941 ለንደን በጀርመን አውሮፕላን ስትደበደብ ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች የሚናሚን ሥራ ሳያውቁ ያንኑ ነገር ለብቻቸው አገኙት። ከፈረሰ ቤት ሥር የወጡ አራት ሰዎች መጀመሪያ ደኅና ይመስሉ ነበር፤ እግራቸው አበጠ፣ ሽንታቸው ጠቆረ፣ ከዚያም ነጠፈ፤ በሳምንት ውስጥ ሞቱ። ባይዋተርስ በኋላ ጥፋተኛው ማዮግሎቢን መሆኑን አሳየ፤ ለሕክምናውም ብዙ ፈሳሽ ከአልካሊ ጨው ጋር ቶሎ መስጠትን መከረ።

እዚህ ላይ አንድ የአምቦ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ሶዲየም ባይካርቦኔት በተፈጥሮው የበዛበት ውኃ ከከተማው ምድር ይፈልቃልና። በአንድ ወቅት ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራችው ሰው ሁሉ ለፈውስ ወደ ፍልውኃዋ ይመጣ ስለነበረ ነው። ነገር ግን ቀልዱ ከቀልድ እንዳያልፍ ያስፈልጋል። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ባይካርቦኔት መጨመሩ በደም ሥር ከሚሰጠው ተራ የጨው ውኃ ይበልጥ እንደሚጠቅም አላረጋገጡም፤ ኩላሊትን የሚያድነው ፈሳሹ ቶሎና በብዛት መሰጠቱ ነው። ሽንቱ የጠቆረ ሰው ጠርሙስ ይዞ ቤቱ ከሚቀመጥ ወደ ጤና ተቋም ቢሄድ ሕይወቱ ይተርፋል። በሙቅ መዋኛው ውስጥ ሕመሙን ላስታግስ ብሎ ረጅም ሰዓት መንከርም፣ ሰውነቱ ውኃ ላጠረውና ለደከመው ሰው ትኩሳት ላይ ትኩሳት መጨመር ይሆንበታል።

ቦምብና ናዳ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ሐሩርና ድካም ግን ጡንቻን ከውስጥ ነው የሚያፈርሱት። የሚሠራ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ሩብ ያህሉን ብቻ ለሥራ ያውለዋል፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህን ሙቀት የሚያስወግደው ላብ ነው። አየሩ ርጥበት ከበዛበት ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፤ ካልተነነም አያበርድም። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪን ሲያልፍ የሕዋሱ ግድግዳ መላላት፣ ካልሲየም ያለ ልክ መግባት ይጀምራል፤ ጡንቻው ራሱን ይበላል።

የኦሊምፒክ ማራቶን የመጀመሪያውን ሬሳ ያየው በ1912 በስቶክሆልም ነው። ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ ከፀሐይ ይከላከልልኛል ብሎ ገላውን ስብ መሰል ነገር ተቀብቶ እንደነበር ይነገራል። ላቡ መውጫ አጣ፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደቀ፤ በነጋታው ሞተ። ከዚህ በኋላ የውድድር አዘጋጆች ስለ ሰዓት ማሰብ ያዙ። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ በሆነ ጊዜ ያሸነፈው ሩጫ ወደ ማታ የተጀመረው፣ ፍጻሜውም በችቦ ብርሃን የሆነው የነሐሴና የመስከረም የሮም ፀሐይ ስለሚያስፈራ ነበር። ያ ለዓይን ያማረ የሌሊት ትዕይንት የተገኘው ከሙቀት ለመሸሽ ሲባል መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን።

ከጀልዱ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳ በ2011 በኮሪያ ከተማ ዴጉ በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ፣ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰኮንድ ሁለተኛ ሲወጣ አገሩ የሰጠችውን ሳንባ ይዞ ነበር። የጭልሞና የጀልዱ ደጋ ደምን ያበለጽጋል፤ ሙቀትን መልመድ ግን አያስተምርም። ደጋ የለመደ ሰውነት ሐሩርን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሐሩር ውስጥ መሥራት ያስፈልገዋል፤ ላቡ ቀድሞ መውጣት፣ ጨዉ መቀነስ፣ የደሙ ውኃ መጨመር አለበት። ይህን የዘነጋ ብርቱ ሰው ምን እንደሚደርስበት ዓለም በዶሃ አየ። መስከረም 27 ቀን 2019 እኩለ ሌሊት አቅራቢያ በተጀመረው የሴቶች ማራቶን ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ፣ ርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከተሰለፉት 68 ሴቶች የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። ሦስቱም ኢትዮጵያውያት አቋርጠው ወጡ። ከቀናት በኋላ፣ አየሩ ጥቂት ሲረግብ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው በወንዶቹ ሩጫ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ። በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ከሙቀት ለመሸሽ ወደ ሰሜን ወደ ሳፖሮ ተዛወረ፤ ያም ሆኖ ከ106 ወንዶች 30ው ሳይጨርሱ ቀሩ፤ ሦስቱም የእኛ ወንዶች ከነዚያ ውስጥ ነበሩ።

እነዚህን አትሌቶች የጠቀስሁት ጡንቻቸው ፈረሰ ለማለት አይደለም። በቂ ትምህርት የሚሰጠን ማቋረጣቸው ነው፤ በዓለም ከታወቀው ጠንካራ እግር በላይ የሚሆን ሐሩር እንዳለ ይመሰክራሉና። ሯጭ ሐኪም፣ አሠልጣኝና በረዶ የያዘ ረዳት አለው። ሰሊጥ ሊያርም ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣት፣ ወይም በዐረብ አገር በሕንፃ ሥራ ላይ የተሰማራው ወንድማችን ግን ይህ ሁሉ የለውም። «ምች መታኝ» ብሎ ዳማ ከሴ ያሸትታል፤ ሽንቱ ሲጠቁርም የወፍ በሽታ ነው ይባላል። በዚህ ላይ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ታሪክ እንለፍ። አኪራ ኤንዶ በሰሜን ጃፓን በአኪታ በገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። በልጅነቱ ፔኒሲሊንን ያገኘውን የፍሌሚንግን ታሪክ ማንበቡ ልቡን ወደ ሻጋታ አዘነበለው። ሳንክዮ በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ሲሠራ ያነሣው ሐሳብ ቀላል ነበር። ሻጋታ ጠላቶቹን ለመከላከል ልዩ ልዩ ኬሚካል ይሠራል፤ ከነዚህ መካከል ኮሌስትሮል የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያግድ አይጠፋም ብሎ ገመተ። ስድስት ሺህ ያህል የሻጋታ ዓይነቶችን ከረዳቶቹ ጋር መረመረ። በ1973 በኪዮቶ ከእህል መደብር ከተገኘ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ ኮምፓክቲን የተባለውን አወጣ። የመጀመሪያው ስታቲን ይህ ነው። ኤንዶ በ2024 በ90 ዓመቱ ዐርፏል፤ የኖቤል ሽልማት አልደረሰውም። ለዚሁ የኮሌስትሮል ነገር በ1985 የተሸለሙት በሕዋስ ላይ የኤልዲኤል ተቀባይን ያገኙት ብራውንና ጎልድስታይን ናቸው፤ ሽልማቱ ለእነሱ ባይበዛባቸውም ለኤንዶ ማነሱ የሚያከራክር አይመስለኝም።

ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1978 በኦሳካ የሆነው ነው። ያማሞቶ የተባለው ሐኪም ከወላጆቿ በወረሰችው በሽታ ኮሌስትሮሏ እጅግ ለበዛ አንዲት ወጣት ኮምፓክቲንን ሰጣት። ኮሌስትሮሏ ወረደ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ጡንቻዋ ይደክምና ይመነምን ጀመረ፤ የደሟ ክሬያቲን ካይኔዝ ከፍ አለ። መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ ተሻላት፤ በኋላ መጠኑ ተቀንሶ እንደገና ተጀመረ። እንግዲህ የስታቲን የጡንቻ ጉዳት ዘግይቶ የተደረሰበት ምሥጢር አይደለም። በመጀመሪያዋ በሽተኛ ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታየ ነው። መፍትሔውም ያን ጊዜውኑ ታይቷል፤ ማቆም፣ መጠበቅ፣ መጠን ቀንሶ መመለስ።

ሎቫስታቲን በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዓመት ሳይሞላው የልብ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውና ሳይክሎስፖሪን የሚወስዱ ሰዎች ጡንቻቸው ሲፈርስ ታየ። ሳይክሎስፖሪን ሎቫስታቲን ከሰውነት እንዳይወገድ ያደርጋልና የአንድ ኪኒን ኃይል የብዙ ኪኒን ይሆናል። ይህ ነገር ደጋግሞ ታየ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ሰሪቫስታቲን ነበር። ባየር በ1997 ለገበያ ያወጣው ይህ መድኃኒት በሚሊግራም ሳይሆን ከሚሊግራም ባነሰ መጠን የሚሰጥ ብርቱ ነበር። ነሐሴ 8 ቀን 2001 ከገበያ ሲሰበሰብ በዓለም ላይ 52 ሰዎች በጡንቻ መፍረስ እንደሞቱ ተነገረ። በአሜሪካ ከተመዘገቡት 31 ሟቾች 12ቱ ጀምፋይብሮዚል የሚባለውን ሌላ የቅባት መድኃኒት አብረው ይወስዱ ነበር። ሁለቱን አብሮ መስጠት አደገኛ መሆኑ በማስጠንቀቂያ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሳለ ነው ይህ የሆነው። በየመደርደሪያችን በሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣው ያ ቀጭን ወረቀት ማን እንደሚያነበው እኔ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

በ2008 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ሲምቫስታቲን 80 ሚሊግራም ከወሰዱ ሰዎች መካከል ጡንቻቸው በብርቱ የተጎዳው አብዛኛዎቹ ስታቲንን ወደ ጉበት በሚያስገባው በር ላይ አንድ የተወረሰ ለውጥ እንደነበራቸው አሳየ። በሩ የጠበበበት ሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማችበታል። በ2011 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ያን መጠን ለአዲስ በሽተኛ እንዳይታዘዝ አስጠነቀቀ።

ወደ ድካም ስንመለስ፣ በ1997 ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ ጤነኛ ወንዶችን ሎቫስታቲን ወይም የሚመስለውን ባዶ ኪኒን ሰጥተው ከሳምንታት በኋላ ለ45 ደቂቃ በተንቀሳቃሽ መሄጃ ላይ ቁልቁል አስኬዷቸው። በማግሥቱ የሎቫስታቲን ወሳጆች ክሬያቲን ካይኔዝ ከሌሎቹ ከግማሽ በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ለምን ቁልቁለት ተመረጠ ቢሉ፣ ቁልቁል ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይሸከማልና ከዳገት ይልቅ ቃጫው የሚበጣጠሰው በዚያ ስለሆነ ነው። ዳገት ልብን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ጡንቻን። ግንደበረትን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ያንን የዓባይ መውረጃ ሳያስብ አይቀርም፤ የሳይንቲስቶቹ ማሽን በትንሹ የቀዳው የእኛን መንገድ ነው፤ እኛ ግን በቁልቁለቱ መጨረሻ ሐሩሩን እንጨምርበታለን። በ2004 የወጣ የኦስትሪያ ጥናት በውርስ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለባቸውን 22 ባለሙያ ስፖርተኞች ተከታትሎ ስታቲን የተስማማቸው 6 ብቻ መሆናቸውን ዘግቧል። በ2011 የቦስተን ማራቶንን ከሮጡ ሰዎችም መካከል ስታቲን የሚወስዱት በማግሥቱ ክሬያቲን ካይኔዛቸው የበለጠ ከፍ ማለቱ ታየ።

የዚህ ተቃራኒ ምስክርም አለ፤ ማስቀረቱ ከሐቅ መራቅ ይሆናል። በ2023 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት በኒይሜኸን በሚደረገው የአራት ቀን የእግር ጉዞ ላይ የተሳተፉ ስታቲን ወሳጆችን መርምሮ፣ መጠነኛ ጉዞ ጡንቻቸውን ከሌሎች ሰዎች ይበልጥ እንዳላጎሳቆለ አረጋገጠ። ስለዚህ ስታቲን የሚወስድ ሰው አይራመድ የሚል ትምህርት ከታሪኩ አይወጣም። መራመድማ ለልቡ ሁለተኛ መድኃኒቱ ነው። የሚያሠጋው ያልለመደው ድንገተኛ ድካም፣ ከሐሩርና ከውኃ ጥም ጋር፣ መድኃኒቱ በሌላ መድኃኒት ምክንያት በደሙ ተከማችቶ ሳለ ሲመጣ ነው።

ያ ሌላ መድኃኒት በእኛ አገር ማን ነው? ሳይክሎስፖሪን በአምቦ መደርደሪያ ላይ ብዙም አይገኝም። ክላሪትሮማይሲን ግን አለ። «የጨጓራ ባክቴሪያ» ተብሎ ለሁለት ሳምንት የሚታዘዘው የሦስት መድኃኒት ስብስብ ውስጥ አንዱ እሱ ነው፤ እጅግም ይታዘዛል። ክላሪትሮማይሲን በጉበት ውስጥ ሲምቫስታቲንንና አቶርቫስታቲንን የሚያስወግደውን ኢንዛይም ያግዳል። በ2013 ከካናዳ የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር የወጣ ትልቅ ጥናት ይህን መድኃኒት ከስታቲን ጋር የወሰዱ አረጋውያን አዚትሮማይሲን ከወሰዱት ይበልጥ በጡንቻ መፍረስና በኩላሊት ጉዳት ሆስፒታል እንደገቡ አሳይቷል። ለግፊትና ለኮሌስትሮል በአንድ ክሊኒክ የሚታከም ሰው ለጨጓራው ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል፤ ሁለቱ ማዘዣዎች የሚገናኙት በመድኃኒት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንዳንዴም እዚያ እንኳ አይገናኙም። ሁለት ሳምንት ስታቲኑን ማቆም ምንም የማይጎዳ፣ ምንም የማያስከፍል መፍትሔ ሆኖ ሳለ።

በኤችአይቪ ሕክምና ሁለተኛ መስመር ውስጥ ያለው ሪቶናቪርም እንዲሁ ነው፤ ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አይሰጥም። ለቁርባ የሚታዘዙት ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞልም ከዚያው ወገን ናቸው። ሌላው፣ ሰው የማያስበው፣ እንቅርት ነው። አዮዲን ባጠረው የደጋ አገር የታይሮይድ ዕጢው የደከመ ሰው ኮሌስትሮሉ በዚያው ምክንያት ከፍ ይላል፤ ጡንቻውም በዚያው ምክንያት ደካማ ይሆናል። ዕጢውን ሳይመረምሩ ስታቲን መስጠት የታመመ ጡንቻ ላይ ሸክም መጫን ነው። የታይሮይዱ መድኃኒት ሲሰጠው ኮሌስትሮሉ ያለ ስታቲን ሊወርድ ይችላል።

ይህን ሁሉ ያነበበ የሙያ ባልደረባ ኪኒኑን ከመደርደሪያው ሊያወርደው ቢያስብ ስሕተት ይሆናል። በ1994 በስካንዲናቪያ አገሮች 4,444 የልብ በሽተኞች የተካፈሉበት ጥናት ሲምቫስታቲን ሞትን በጠቅላላው 30 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። በስታቲን ብቻ የሚመጣ ከባድ የጡንቻ መፍረስ ግን በዓመት ከመቶ ሺህ ወሳጆች ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያገኝ ነው። በ2020 ደግሞ በለንደን የተደረገው ሳምሶን የሚባለው ጥናት በጎጂነቱ ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን ወስዶ በተለያዩ ወራት እውነተኛውን፣ ባዶውንና ምንም ኪኒን የሌለበትን ጠርሙስ አፈራረቀላቸው። ከተሰማቸው ሕመም ዘጠኝ አሥረኛው በባዶው ኪኒንም ተሰማቸው። በ2022 የወጣው የብዙ ጥናቶች ድምር ከዚህ ጋር ይስማማል። ሕመሙ ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ምንጩ ግን ኪኒኑ አልነበረም። ስለዚህ የአገራችን ሽማግሌ «ጉልበቴን አመመኝ» ብሎ ኪኒኑን ጥሎ በዓመቱ ስትሮክ ሲመታው፣ ጉዳቱ ከጡንቻ መፍረስ አያንስም፤ ቁጥሩም እጅግ ይበልጣል።

ሁለቱን ሕመሞች መለየት እንግዲህ ዋናው ሥራ ነው። እንደ ልብ ክሬያቲን ካይኔዝ የማይለካበት ጤና ጣቢያ ቢሆንም እንኳ አንድ ርካሽ መንገድ አለ። የሽንት መመርመሪያው ወረቀት ደም አለ ሲል፣ በማይክሮስኮፕ ግን ቀይ የደም ሕዋስ ካልታየ፣ ወረቀቱ ያገኘው ማዮግሎቢን ሊሆን ይችላል። ከወባ የሚመጣ የደም መፍረስም እንዲሁ ያደርጋልና የወባ ምርመራ ይታከልበታል። የወፍ በሽታ ከሆነ ግን ዓይኑ ይቢጫል፤ ባቱንና ጭኑን እንጨት አያደርገውም። የጠቆረ ሽንት ሁሉ የወፍ በሽታ ተብሎ ለቅጠል ቀማሽ ሲላክ የሚጠፉት ሰዓታት ኩላሊት ሊድንባቸው የሚችሉ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ናቸው። ኩላሊቱ አንዴ ከተዘጋ ከጀልዱ ገጠር እስከ ኩላሊት እጥበት ያለው መንገድ ረጅም፣ ዋጋውም የአንድ ገበሬ ቤት የማይችለው ነው።

በ2024 ዓመት በሰኔ ወር በመካ ሙቀቱ 51 ዲግሪን አልፎ ሳለ 1,301 የሐጅ ተጓዦች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታወቀ። አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ጥላና ያለ ማረፊያ ረጅም መንገድ በእግራቸው የተጓዙ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው የገፋና በሽታ ያለባቸውም በመካከላቸው ነበሩ። እነሱ የሞቱት በስታቲን አይደለም። ይሁን እንጂ ከአገራችን በየዓመቱ ወደዚያ የሚጓዙ፣ ወይም በጾም ወራት ወደ ዝቋላና ወደ ደብረ ሊባኖስ በእግር የሚወጡና የሚወርዱ አረጋውያን የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን፣ ከዚያም መካከል ይህን ኪኒን ይዘው እንደሚሄዱ ማሰብ አይከብድም። የሚሸኛቸው ፋርማሲስት የሚጠይቃቸው አጭር ነው። «አባባ፣ ከዚህ ኪኒን ሌላ ምን ይወስዳሉ? ሰሞኑን ለጨጓራዎ የታዘዘልዎ አለ?» የሚነግራቸውም አጭር ነው፤ በመንገድ ውኃ አይጓደልባቸው፣ በጠዋትና በማታ ይጓዙ፣ በተቅማጥ ወይም በትኩሳት ከወደቁ እስኪነሡ ኪኒኑን ይተዉት፣ ጭናቸው ጠንክሮ ሽንታቸው ከጠቆረ ግን ሌሊቱን አይደሩበት። በምዕራብ ሸዋ ይህን በኦሮምኛ መናገር ይገባል፤ «ፊንጫን ጉራቻ» ሲባል የማይገባው ሽማግሌ የለም።

የደረሰውንም ጉዳት በቢጫው የጎንዮሽ ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ሞልቶ መላክ የእኛ ድርሻ ነው። አገራችን በዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ክትትል መርሐ ግብር አባል ከሆነች ከ2008 ጀምሮ ቅጹ በየተቋሙ አለ። ሰሪቫስታቲን ከገበያ የወጣው ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች አንድ በአንድ የጻፏቸው እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ተደምረው ነው።